በድሬዳዋ ተማሪዎች ዘንድ ስለሚዞረው የስሕተት ማጥፊያ ወረቀት

በከተማችን በድሬዳዋ የሲ ቋንቋ በሚማሩት ዘንድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲተላለፍ የቆየ አንድ ወረቀት አለ። በፊትና በጀርባው የተጻፈ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ከፎቶ ኮፒ ሲገለበጥ ፊደሉ ደብዝዟል፤ አሁንማ በስልክ ፎቶግራፍ እየተነሣ ስለሚላክ የጀርባውን ገጽ ሳያዩ የቀሩም አሉ። ማን እንደ ጻፈው አይታወቅም፤ ስሙን ያኖረበት የለም። በግራ በኩል ኮምፓይለሩ ወይም ሊንከሩ የሚያወጣው የስሕተት ቃል ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ያ ቃል እንዲጠፋ ምን መደረግ እንዳለበት ተነግሯል። የጀርባው ገጽ ብዙ ትሬድ ስላላቸው ፕሮግራሞች፣ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጐን ለጐን ስለሚሮጡ የሥራ ክሮች የሚናገር ሲሆን፣ ይህ ጽሑፋችን የሚመለከተው በተለይ እሱን ነው።

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ ወረቀቱን በደብተራቸው ውስጥ አጥፈው እንደ ያዙት እንገምታለን። ተማሪው ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ደጋግሞ የሚያነበው ጽሑፍ ሳይመረመር መቅረቱ ተገቢ ሆኖ አልታየንምና፣ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ልንመረምረው አሰብን። አስቀድመን የምንለው ይህ ነው፤ ወረቀቱ አይሠራም ብለን አንነቅፈውም፤ የተባለውን ያደረገ ሰው የስሕተቱ ቃል በእርግጥ ይጠፋለታል። ጥያቄያችን ቃሉ ሲጠፋ ስሕተቱስ ወዴት ሄደ የሚል ነው።

የወረቀቱ አጻጻፍ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ያየ ሰው አካሄዱን ወዲያው ያውቀዋል፤ ለዚህ በሽታ የዚህን ዛፍ ሥር፣ ለዚያ በሽታ የዚያን ቅጠል እያለ ይዘረዝራል እንጂ፣ ሥሩ ስለ ምን እንደሚያድን አይናገርም። ይህን ያልነው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማቃለል አይደለም፤ የብዙ ዘመን ልምድ የተከማቸበት ነውና። ነገር ግን ደብተራው ከመጽሐፉ ሌላ በቃል የሚያውቀው፣ ለደቀ መዝሙሩ ብቻ የሚነግረው ነገር ነበረው። የእኛ ወረቀት መምህሩ የተለየው መጽሐፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤትን ከትርጓሜ ቤት እንደሚለይ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው እንኳ እናውቃለን፤ ወረቀቱ ግን ንባቡንም በወጉ ሳያስነብብ ወደ መድኃኒቱ ይዘላል።

የጀርባው ገጽ የመጀመሪያ መድኃኒት በጣም የታወቀው ነው። ሊንከሩ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ ቱ ፒትሬድ ክሪኤት» ሲል፣ በትእዛዙ መስመር መጨረሻ «ሰረዝ ኤል ፒትሬድ» ጨምር ይላል። ቃሉ ሲተረጐም «ፒትሬድ ክሪኤት የሚባል ስም ተጠርቷል፤ ባለቤቱን ግን አላገኘሁም» ማለት ነው። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ይተረጕማል፤ በሄደር ፋይል የተነገረውን ስም «አንድ ቦታ ይኖራል» ብሎ አምኖ ያልፋል። ሊንከሩ ኋላ መጥቶ የተተረጐሙትን ፋይሎች ሲያገናኝ ነው ያ እምነት የሚፈተነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ትክክል ነው። «በመጨረሻ» የሚለውም ቃል በከንቱ አልገባም፤ ሊንከሩ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ፣ በኡቡንቱ ላይ ላይብረሪው ከፕሮግራሙ ቀድሞ ከተጻፈ ገና ማንም ያልጠራው ነውና አያስፈልግም ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ተማሪ «ጨምሬ አልሠራልኝም» የሚለው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ወረቀቱ ምክንያቱን ስላልተናገረ ዘመን ሲለወጥ አብሮ ሊለወጥ አልቻለም። በሊኑክስ ላይ የትሬድ ፋንክሽኖች ሊብፒትሬድ በሚባል በተለየ ላይብረሪ ይኖሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የወጣው ጂሊብሲ 2.34 ግን ወደ ዋናው የሲ ላይብረሪ ጠቀለላቸው። ስለዚህ ኡቡንቱ 20.04 በተጫነበት ኮምፒዩተር የሚወድቅ ፕሮግራም፣ ኡቡንቱ 22.04 በተጫነበት ያለ ምንም ጭማሪ ያልፋል። ይህን ያዩ አንዳንድ ጓደኞቻችን የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ተበላሽቷል ሲሉ ሰምተናል። ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው፤ ባለቤቱ ቤት ቀይሮ ነው እንጂ። (በሁሉም ዘንድ የሚሻለው ኤሉ የሌለበት «ሰረዝ ፒትሬድ» የሚለው ነው፤ ይህ ለሊንከሩ ብቻ ሳይሆን ለኮምፓይለሩም የሚነገር ትእዛዝ ነውና።)

ሊንከሩ ስምን እንጂ ዐይነትን የማይመረምር መሆኑን ወረቀቱ በየትም ስፍራ አላነሣም። ይህ ግን ለድሬዳዋ ልጅ በቀላሉ የሚገባ ነገር ነበር። በ1895 ዓ.ም. ከተማችን የደረሰው የፈረንሳዮች ምድር ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱም ድሬዳዋ የሚባል ጣቢያ አላቸው። በወረቀት ላይ ስሙን ብቻ አይቶ «ድሬዳዋ ከድሬዳዋ ይገናኛል» ብሎ የሚፈርም ሰው ቢኖር፣ ሊንከር ማለት ያ ሰው ነው። በአንዱ ፋይል ቆጣሪውን ኢንት፣ በሌላው ፋይል ሎንግ ብለን ብንጽፈው ስሙ አንድ እስከ ሆነ ድረስ ያገናኘዋል፤ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይም ሁለተኛው ፋይል 4 ባይት ወደ ተቀመጠበት ሄዶ የጎረቤቱን ጨምሮ 8 ባይት ያነባል። ስፋቱን መለካት የሚችለው ኮምፓይለሩ ነው፤ እሱም ሁለቱ ፋይሎች አንድ ሄደር ከተጋሩ ብቻ ነው። ሄደሩ ሲጐድል የሚመጣውን «ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽን» የሚል ማስጠንቀቂያ ወረቀቱ «ሰረዝ ደብልዩ ጨምር» ብሎ ይመልሰዋል፤ ይህም ማስጠንቀቂያን ሁሉ በአንድነት አፍ የሚያስይዝ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 ይህን ማስጠንቀቂያ ወደ ስሕተት ከፍ ማድረጉን ስናይ፣ የኮምፓይለሩ ጸሐፊዎችም እንዲህ ያለውን መድኃኒት ሳያውቁት አልቀሩም ያሰኛል።

እስካሁን ያነሣነው ቀላሉን ነው። በተራ ቍጥር አራት የተጻፈው መድኃኒት ግን ከሁሉ የከፋ ሆኖ አግኝተነዋል። ሊንከሩ «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ሲል፣ ማለትም «ለአንድ ስም ብዙ ባለቤት አገኘሁ» ሲል፣ ከቫሪያብሉ ፊት «ስታቲክ» ጻፍ ይላል።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ከሌሎቹ የተለየ ይመስለናል፤ በእጅ ከተጨመሩት አንዱ ነውና፣ የጽሕፈቱም እጅ ከዋናው ጋራ አይመሳሰልም። ምክንያቱን መገመት ይቻላል። ተማሪው በሄደር ፋይል ውስጥ ያለ መነሻ ዋጋ አንድ የጋራ ቆጣሪ ሲያውጅ፣ ሄደሩን ያስገባ ፋይል ሁሉ የየራሱን ቆጣሪ ያውጃል። ከጂሲሲ 10 በፊት፣ ማለት እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ፣ ሊንከሩ እነዚህን ሁሉ በዝምታ አንድ አድርጎ ያዋሕዳቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ግጭቱን ይናገራል። ታላላቆቻችን ያለ ችግር ያስረከቡት የላቦራቶሪ ሥራ በታናናሾቹ ኮምፒዩተር ላይ በድንገት ሲወድቅ፣ አንድ ሰው መድኃኒት ፈልጎ ስታቲክን አገኘ።

ስታቲክ በፋይል ደረጃ ሲጻፍ «ይህ ስም ከዚህ ፋይል አይውጣ» ማለት ነው። ሄደሩን ሦስት ፋይሎች ቢያስገቡት፣ ስማቸው አንድ የሆነ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሦስት ቆጣሪዎች ይፈጠራሉ። ሊንከሩ ግጭት ስላላየ ዝም ይላል። ቆጣሪው ብቻ ቢሆን ጥፋቱ ቶሎ ይታያል፤ አንዱ ክር መቶ ቆጥሮ ሌላው ዜሮ ያነባልና። ነገር ግን በሄደሩ ውስጥ የተጻፈው ሚውቴክስ፣ ማለት ክሮች አንድ በአንድ እንዲገቡ የሚያደርገው መቆለፊያ ቢሆንስ? ይህ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሆን ነው፤ መቆለፊያ ከመነሻ ዋጋው ጋራ ስለሚጻፍ በአሮጌውም በአዲሱም ጂሲሲ «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ማስባሉ አይቀርምና።

ከአዳማ እስከ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የሚሮጠው በነጠላ ሐዲድ ላይ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ወደ ታች ከሚወርደው ጋራ ፊት ለፊት እንዳይገናኝ፣ አንዱ በጣቢያ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት፤ ሐዲዱ ነጻ ነው የሚለው ፈቃድም ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ሁለት ጣቢያዎች ሁለት የፈቃድ መዝገብ ቢይዙ፣ ሁለቱም በየመዝገባቸው በታማኝነት ጽፈው፣ ሁለቱም ደንቡን አክብረው ባቡሮቻቸውን ይለቃሉ። መቆለፊያ ላይ የተጻፈ ስታቲክ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በቍጥር እንየው። አንዱ ፋይል ገንዘብ የሚያስገባውን ክር፣ ሌላው ፋይል ገንዘብ የሚያወጣውን ክር ይዟል፤ የሒሳቡ ቀሪ በትክክል የተነገረ አንድ ቫሪያብል ነው፤ መቆለፊያው ግን በስታቲክ ምክንያት ሁለት ሆኗል። ቀሪው 500 ብር ነው። የመጀመሪያው ክር የራሱን መቆለፊያ ቆልፎ 500 አነበበ፤ ሁለተኛውም የራሱን ቆልፎ 500 አነበበ። አንደኛው 100 ጨምሮ 600 ጻፈ፤ ሁለተኛው 200 ቀንሶ 300 ጻፈበት። መሆን የነበረበት 400 ነው፤ የባለቤቱ 100 ብር ጠፋች። ፕሮግራሙን ያነበበ መምህር በሁለቱም ፋይል «ቆልፍ» እና «ክፈት» የሚሉትን መስመሮች በየቦታቸው ስለሚያገኛቸው ሙሉ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። ሊንከሩ ስሕተቱን በጊዜው ተናግሮ ነበር፤ ዝም ያሰኘው መድኃኒቱ ነው።

ትክክለኛው መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። በሄደሩ ውስጥ «ኤክስተርን» ተብሎ ስሙና ዐይነቱ ብቻ ይነገራል፤ ከነመነሻ ዋጋው የሚጻፈው በአንድ የሲ ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከስታቲኩ መድኃኒት የሚረዝመው በአንድ መስመር ነው።

ሁለተኛው ከባድ ጥፋት ከኮምፓይለሩ ዘንድ የሚመጣ ነው። ተማሪው በዙር አራት ክሮችን ይፈጥራል፤ ለእያንዳንዱም ተራ ቍጥሩን ሊሰጠው ይፈልጋል። ፒትሬድ ክሪኤት የሚቀበለው ቮይድ ፖይንተር ስለ ሆነ፣ የዙሩን ቆጣሪ ወደ ፖይንተር ካስት ያደርገዋል። በ64 ቢት ኮምፒዩተር ላይ ኢንት 4 ባይት፣ ፖይንተር 8 ባይት ነውና ኮምፓይለሩ «መጠኑ የተለያየ ቍጥር ወደ ፖይንተር ተለወጠ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ በዚህ ቦታ ብዙ ጕዳት የለውም፤ መጀመሪያ ወደ ሎንግ ለውጦ መስጠት ይበቃል። ወረቀቱ ግን «የቆጣሪውን አድራሻ ስጥ» ይላል። አድራሻ ሲሰጥ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ የአድራሻ መጠን ሁልጊዜ የፖይንተር መጠን ነውና።

አሁን አራቱም ክሮች የያዙት የአንዱን ቆጣሪ አድራሻ ነው። ክሩ ነቅቶ አድራሻውን ከፍቶ ሲያነብ፣ ዙሩ ቆጣሪውን ወደ ሚቀጥለው ቍጥር አሳልፎት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ክሮች አንድ ተራ ቍጥር ይዘው ይወጣሉ፤ ሌላው ቍጥር ባለቤት ያጣል። ውጤቱ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ነው። ጕዳት የሌለውን ማስጠንቀቂያ ለማጥፋት ጕዳት ያለው ሽሚያ ገባ። ከወረቀቱ መድኃኒቶች ሁሉ ይህን ያህል ያስገረመን የለም፤ በሽታው ራስ ምታት ሆኖ መድኃኒቱ ልብን የሚመታ ነውና።

ወረቀቱን የሚከላከሉ ጓደኞቻችን የሚሉትን በቸልታ አናልፈውም። የላቦራቶሪው ጊዜ አጭር ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲመጣ ከተሰጠው ጊዜ እኩሌታው አልፏል፤ አንድ ኮምፒዩተር ለሁለትና ለሦስት የሚደርስበትም ቀን አለ። በዚህ ላይ በሥራው መመዘኛ «ያለ ስሕተት ኮምፓይል ሆነ» ለሚለው የተመደበ ነጥብ አለ። ተማሪው ስሕተቱን እንዲያስተውል የሚያስገድደው ነገር የለም፤ እንዲያጠፋው የሚያስገድደው ግን ብዙ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ነቀፌታችን በማይታወቀው ጸሐፊ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አንፈልግም። መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው ያንን ነጥብ እንዲያስቡበት ነው። ስሕተት አልባ ሆኖ መተርጐም ለነጠላ ክር ፕሮግራም እንኳ ትንሽ ማስረጃ ነው፤ ለብዙ ክር ፕሮግራም ግን ስለ ዋናው ጉዳይ ምንም አይናገርም።

ለምን አይናገርም? የሲ ቋንቋ ራሱ ለብዙ ዘመን ስለ ክር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የፒትሬድ ደንብ በፖዚክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ፣ ከቋንቋው ውጭ እንደ ላይብረሪ ነው የመጣው። ሃንስ ቦኽም የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረበው ጥናት ክርን በላይብረሪ ብቻ በትክክል ማቆም እንደማይቻል አስረዳ፤ ምክንያቱም ክር መኖሩን የማያውቅ ኮምፓይለር፣ ለነጠላ ክር ትክክል የሆነውን ማሻሻያ ሲያደርግ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያልነበረ ሽሚያ ሊያስገባ ይችላል። ቋንቋው ስለ ክር ደንብ ያወጣው በሲ 11፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያም ደንብ ቢሆን ሽሚያ ያለበት ፕሮግራም ትርጕም የለውም ይላል እንጂ፣ ኮምፓይለሩ ሽሚያውን ፈልጎ እንዲያገኝ አያስገድደውም።

ማንም ሊሞክረው የሚችል ነገር አለ። ሁለት ክሮች አንድ ቆጣሪ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ጊዜ አንድ እንዲጨምሩ ያለ መቆለፊያ ይጻፍ። ያለ ማሻሻያ ሲተረጐም ድምሩ ብዙ ጊዜ ከ2,000,000 ያንሳል፤ በየሩጫውም ይለያያል። በሁለተኛው የማሻሻያ ደረጃ ሲተረጐም ግን ኮምፓይለሩ ዙሩን ጠቅልሎ «አንድ ሚሊዮን ጨምር» ወደሚል አንድ ሥራ ስለሚለውጠው፣ ድምሩ ብዙውን ጊዜ ልክ 2,000,000 ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን አልተስተካከለም። ወረቀቱ በተራ ቍጥር ሰባት «ድምሩ ካልመጣ የማሻሻያውን ምልክት ጨምር» የሚለው ከዚህ ነው የመነጨው፤ በሚቀጥለው መስመር ደግሞ «ፕሮግራሙ ካልቆመ የማሻሻያውን ምልክት አንሣ» ይላል። ሁለቱን መስመሮች አከታትሎ ያነበበ ሰው ሊስቅ ይገባው ነበር፤ ግን በፈተና ሰሞን የሚስቅ የለም።

ወረቀቱ ይቃጠል አንልም። የሚያስፈልገው በግራና በቀኝ መካከል ሦስተኛ ዓምድ ነው፤ «ይህ ቃል ምን አየሁ ይላል?» የሚል። ከአራተኛው መድኃኒት ስታቲክ ተሰርዞ ኤክስተርን ይግባ፤ ከአድራሻው መድኃኒት ፈንታ የሎንጉ ይጻፍ፤ ሰባትና ስምንት ጨርሰው ይውጡ። በእነሱም ቦታ ወረቀቱ ፈጽሞ ያላነሣው መሣሪያ ይግባ፤ ይኸውም ከጂሲሲ 4.8 ጀምሮ፣ ማለት ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ ያለው ትሬድ ሳኒታይዘር ነው። ፕሮግራሙ በሱ ተተርጕሞ ሲሮጥ ሁለት ክሮች ያለ ስምምነት አንድ ቦታ ሲነኩ ካየ፣ ፋይሉንና መስመሩን ጠቅሶ ይናገራል። ከላይ ያየነውን የሁለቱን መቆለፊያ ነገርም፣ እያንዳንዱ ክር የያዘው መቆለፊያ የተለየ መሆኑን ጭምር ያሳያል። ዋጋ ግን አለው፤ ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገየዋል፣ ትዝታውንም ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበላል፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ደግሞም የሚያየው በዚያ ሩጫ የሆነውን ብቻ ነው፤ ያልተሄደበትን መንገድ አይመረምርም። ስለዚህ የሱም ዝምታ እንደ ሊንከሩ ዝምታ ተቈጥሮ በወረቀቱ ላይ እንዳይጻፍ እንሰጋለን።

ከወረቀቱ በስተግርጌ ያለው የመጨረሻው መድኃኒት ስለ ስኩዌር ሩት ነው። «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ሲል «ሰረዝ ኤል ኤም» ጨምር ይላል። የሒሳቡ ላይብረሪ እስከ ዛሬ ከዋናው ተለይቶ ነው ያለው፤ መድኃኒቱ ትክክል ነው፤ እንዳለ ይቀመጥ።